የበለዲያ ቀለም

«ውረድ! አሁኑኑ ውረድ! ማነው አማርኛን ከእግር ሥር አስቀምጥ ያለህ?»

እንዲህ የምትጮኸው ፋና ናት። በአንድ እጇ የመኪና ቁልፍ ይዛ፣ በሌላው የእርሾ ካርቶን ታቅፋ፣ አንገቷን ወደ ላይ ሰቅላለች። መሰላሉ ላይ ያለው ልጅ ጠመኔውን እንደያዘ ቁልቁል አያት። ታፔላውን ገና መንደፉ ነው። ከላይ በእንግሊዝኛ ትልልቅ አድርጎ የዳቦ ቤቷን ስም ጽፏል። ከታች ደግሞ የእንግሊዝኛውን ግማሽ እንኳ በማያክል ፊደል «ፋና ዳቦ ቤት»።

«ምን አጠፋሁ?» አላት።

«ምን አጠፋሁ ይላል እንዴ! ሎስ አንጀለስ፣ ፌርፋክስ ላይ ቆመህ አማርኛውን ታሳንሳለህ? እዚህ ሰፈር እኮ የፓርኪንግ ማሽኑ እንኳ አማርኛ ሊናገር ምንም አልቀረው!»

ልጁ ፊቱን ወደ ግድግዳው መለሰና፣ አትሰማኝም ብሎ፣ በአረብኛ አንድ ነገር አጉተመተመ። እኔ ከጎን ባለችው የልብስ ስፌት ቤቴ በር ላይ መርፌ ውስጥ ክር እየሰደድኩ ነበር። ድምፁን እንጂ ትርጉሙን አልሰማሁም። ፋና ግን በዚያው ቋንቋ፣ በዚያው ፍጥነት መለሰችለት።

ልጁ መሰላሉን በሁለት እጁ ባይጨብጥ ኖሮ ይህ ታሪክ እዚያው አስፋልቱ ዳር ያልቅ ነበር።

«ምን አለሽ? አንቺስ ምን አልሽው?» አልኳት።

«እሱ ‹የኢዮብን ትዕግሥት ስጠኝ› አለ። እኔ ደግሞ ኢዮብ መሰላል ላይ አልወጣም፣ ወርደህ ታገሥ አልኩት።»

ወረደ። ቀጭን፣ ረዘም ያለ፣ ጆሮው ላይ ሰማያዊ ቀለም የደረቀበት ልጅ ነው። ሴት ልጅ ፊት የሚቆም ሳይሆን መንጃ ፈቃድ ሊፈተን የቀረበ ነበር የሚመስለው።

«አረብኛ የት ተማርሽ?»

«ጅዳ።»

«ጅዳ የት?»

«እሱን ተወው። በመኪና መስኮት ካየሁት በቀር ጅዳን አላውቀውም።»

«እኔ እዚያ ነው የተወለድኩት» አላት። ድምፁ ወዲያው ዝቅ አለ።

ሁዘይፋ ይባላል። የወሎ ሰዎች ልጅ ነው። አባቱ ጅዳ ሲሠሩ ተወልዶ፣ አንድ የመናዊ ሽማግሌ ታፔላ ጸሐፊ ዘንድ ብሩሽ ሲያጥብ አደገ። አሁን ኮሪያታውን የሚባለው ሰፈር ከሦስት ልጆች ጋር ተዳብሎ ይኖራል። በአዘቦት ቀን አንድ ማተሚያ ቤት ውስጥ የኮሪያና የስፓኒሽ ባነር ያትማል፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ደግሞ በእጁ ይጽፋል። የፋና አጎት ጋሼ እንግዳ ናቸው በስልክ የጠሩት። «እጁ ጥሩ ነው አሉኝ» ብለው ነበር፤ ስሙን አልጠየቁም። ቢጠይቁ ኖሮ ምናልባት ሌላ ይጠሩ ነበር።

«እኛ አገር» አላት፣ «ትልቁ ጽሑፍ...»

«የትኛው እኛ አገር?»

«ጅዳ። ማለቴ... በቃ ጅዳ። እዚያ ትልቁ ጽሑፍ ለበለዲያ ነው፣ ለማዘጋጃ ቤቱ። አረብኛው ከላይ፣ በትልቁ፣ እነሱ ባሉት ልክ መጻፍ አለበት። አለዚያ ቅጣት ነው። ከታች ያለው ትንሹ ግን ለሰው ነው። ለራስ ሰው። እኔ የምወደውን ሁልጊዜ ከታች ነው የምጽፈው። ቀረብ ብሎ የሚያነብ ሰው አለውና።»

ፋና የታቀፈችውን የእርሾ ካርቶን መሬት አስቀመጠች። እሷን በነገር የረታ ሰው ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ማየቴ ነው።

«አንድ መግሰላ ነበር» አለች። ልብስ ማጠቢያ ቤት ማለቷ ነው። «ሐሙስ ሐሙስ ማዳሜ እናቷ ጋ ስትሄድ ልጆቹን ይዤ ከኋላ እቀመጥ ነበር። የመግሰላው በር ላይ፣ ከእጀታው ዝቅ ብሎ፣ በአማርኛ ‹የስልክ ካርድ አለ› የሚል ተለጥፏል። በዚያ ሁሉ ከተማ ያየሁት አማርኛ እሱ ብቻ ነው። እዚያ ጋ መብራቱ ቀይ እንዲሆን እጸልይ ነበር። እስከ ዛሬ ድራይቭ ሳደርግ ቀይ ሲይዘኝ አልናደድም።»

«ካርዱን ገዛሽ?»

«የመኪናው በር ከውስጥ የሚከፈትልኝ መሰለህ?»

ሁዘይፋ ዓይኑን ወደ ጠመኔው መለሰ።

«በቃ ከታች ይሁን» አለችው። «ግን ትንሽ ወፈር አድርገው።»

ዳቦ ቤቱ በተከፈተ ቀን ሁዘይፋ ክፍያውን በሻይና በዳቦ ነው የተቀበለው ማለት ይቻላል። ከሄደ ብዙ ሰው የሚናፍቀው ይመስል አልነሳም አለ፤ ማን እንደሚናፍቀው ግን እኔና እሱ እናውቃለን። ፋና ድፎ ዳቦም ትጋግራለች፣ ሳሙሊ የሚባለውን የጅዳ ረዘም ያለ ዳቦም። ሳሙሊውን ሲቀምስ ዓይኑን ጨፈነ።

«እስቲ የበለዲያውን ሰውዬ ጉድ ልንገራችሁ» አለን። «ታፔላ ሊቆጣጠር ይመጣል። ከታች ያለችውን አማርኛ ያይና ‹ይቺን ማን ፈቀደ? አጥፉ!› ይላል። የመናዊው ጌታዬ እሺ ብሎ እኔን ያዝዘኛል። እኔ ኖራ በውሃ እበጠብጥና ከላይዋ እቀባለሁ። ድምጥማጧ ይጠፋል! ሰውየው ፈርሞ መኪናው ውስጥ ይገባል። መኪናው ማዕዘኑን እንደዞረ ባለሱቁ እርጥብ ጨርቅ ይዞ ይወጣል። አንዴ ጠረግ ሲያደርጋት እዚያው ቁጭ ብላ ትገኛለች።»

«ባለሱቁ ካልጠረጋትስ?» አለች ፋና።

«እንግዲያው አልፈለጋትም ማለት ነዋ። እኛ ተመልሰን አናጥብም። ጌታዬ በዚህ አይቀልድም ነበር። የኛ ሥራ መጻፍ ነው፣ ማቆየት የባለቤቱ ነው ይለኝ ነበር።»

«የበለዲያ ቀለም» ብላ ፋና ስም አወጣችለት። ስቀን ስቀን፣ ወሬው ከሻዩ ጋር ወረደ።

ከዚያ በኋላ ሁዘይፋ በየጠዋቱ ብቅ ማለት ጀመረ። ከኮሪያታውን ተነስቶ ኮሪያታውን ወዳለ ሥራው ሲሄድ ፌርፋክስ መንገዱ ላይ እንዴት እንደሆነ ጠይቄው ነበር።

«ባሱ ይዞርብኛል እትዬ እታገኝ» አለኝ።

«ባሱ ነው ወይስ አንተ የምትዞረው?»

ሳቀና አንገቱን ደፋ። ፋና የዳቦውን ጫፍ፣ እንደ ብስኩት የሚንኮሻኮሸውን፣ ለማንም ሳትሸጥ ታስቀምጥለታለች። ቆሞ ይበላል፤ እሷ ሰው ታስተናግዳለች። አይነጋገሩም። ግን እሱ በልቶ እስኪጨርስ እሷ መልስ ስትሰጥ ትሳሳታለች።

ቀሚሷን ሳሳጥርላት ነው ቀሪውን የነገረችኝ። ፋና ልብስ እየለካኋት ዝም ማለት አትችልም፤ እኔም መርፌ በአፌ ስለምይዝ አላቋርጣትም። አንድ ቅዳሜ ኮሪያታውን ወስዶ እሱ የጻፋቸውን ታፔላዎች አሳያት። የኮሪያውን አሳይቷት፣

«ምን ይላል?» ብላ ጠየቀችው።

«እኔ ምን አውቃለሁ።»

«ሳታነበው እንዴት ትጽፈዋለህ?»

«እንደ ሥዕል። አማርኛንም መጀመሪያ እንደዚያ ነው የጻፍኩት። እናቴ ናት ኋላ ማንበብ ያስተማረችኝ።»

«እኔ ደግሞ አረብኛን ከመስኮት ነው የተማርኩት። በቃላ የሚል ሱቅ ሁሉ በሩ ላይ ሽንኩርት አለ። ሰይደሊያ የሚል መድኃኒት ቤት ሁሉ አረንጓዴ መብራት አለው። ፊደሎቹን እየለቀምኩ ሌላው ላይ እፈልጋቸዋለሁ። ማዳሜ አንድ ቀን ስሟን ከደብዳቤ ላይ ሳነብባት ደነገጠች።»

«አሁን እኔን ማንበብ ትችያለሽ?» አላት።

«አንተ ቀላል ነህ» አለችው። «አንተ ላይ ሁሉም በትልቁ ነው የተጻፈው።»

ይህን ስትነግረኝ ጉንጯ ቀላ። መርፌዎቹን ከአፌ አወጣሁ።

«ልጄ፣ ስሙ እኮ ሁዘይፋ ነው።»

«ስሙን አንብቤዋለሁ እትዬ።»

«አጎትሽስ አንብበውታል?»

ጋሼ እንግዳ የቸርች ሽማግሌ ናቸው። ዕድሜያቸውን ሙሉ ታክሲ ነድተው ጉልበታቸውን የጨረሱ፣ ለሰው የሚያለቅሱ ደግ ሰው ናቸው። ፋና ዲቪ ደርሷት ስትመጣ ተቀብለው ያስጠጓት፣ የዳቦ ቤቷን ሊዝ፣ የኪራይ ውሉን፣ በስማቸው የፈረሙላት እሳቸው ናቸው። ዌስት አዳምስ ያለው ቤታቸው ውስጥ ከልጆቻቸው ለይተዋት አያውቁም። ሁዘይፋ ሽማግሌ ልላክ ብሏት ነበር፤ እሱ የራሱን ሃይማኖት፣ እሷም የራሷን እንደያዙ ሊኖሩ ተነጋግረዋል።

«ቆይ አልኩት» አለችኝ። «መጀመሪያ ታፔላው ላይ አረብኛ አንድ መስመር ጨምርልኝ አልኩት። ከታች፣ ከአማርኛው ጎን። አረብኛውን ከለመዱት፣ ሁዘይፋንም ይለምዱታል።»

እኔ ስምንተኛ ክፍል ላይ ያቆምኩ ሰው ነኝ፣ ግን የዚያን ዓይነት ፈተና በየትኛውም ክፍል ሰምቼ አላውቅም።

ጻፈው። አማርኛው ከግራ ተነስቶ ወደ ቀኝ፣ አረብኛው ከቀኝ ተነስቶ ወደ ግራ፣ መሀል ላይ አንድ ጣት ሲቀራቸው ይቆማሉ። በሚያምር የዘይት ቀለም ነው የሠራው። ቆሜ ሳየው ከሁለት በር ወጥተው መንገድ ላይ የተገናኙ ሰዎች መሰሉኝ። በቤይሩት፣ በጅዳ፣ በኩዌት ሠርተው ያለፉ ልጆች እያዩ ይገቡ ጀመር። አንዷ ሳሙሊውን ገዝታ በሩ ላይ አለቀሰች፤ ለምን እንደሆነ ማንም አልጠየቃትም።

ፋሲካ አልፎ፣ አንድ ሰኞ ጠዋት ጋሼ እንግዳ መጡ። መኪናቸውን እንኳ ፓርክ አላደረጉም፤ መብራቱን እያብለጨለጩ መሀል መንገድ ላይ ነው ያቆሙት። ሁዘይፋ ዳቦውን ይዞ በር ላይ ቆሟል።

«ፋና! ውጪ እስቲ። ይሄ ምንድነው?»

«ታፔላ ነው ጋሼ።»

«እሱማ ይታየኛል። ከታች ያለውን ነው የምልሽ።»

«አረብኛ ነው።»

«ትናንት ከቸርች ስወጣ ሰዎች ምን አሉኝ መሰለሽ? ዳቦ ቤቱን ሸጣችሁት እንዴ አሉኝ!»

«አልሸጥነውም ይበሏቸው።»

«አትቀልጂ!» ድምፃቸው ተሰበረ። «ከዚያ አገር ስትመለሺ እናትሽ በስልክ ስታለቅስ የሰማሁት እኔ ነኝ። አጥንቷ ብቻ መጣ ነው ያለችኝ። ፓስፖርትሽን የደበቁብሽ ሰዎች እኮ በዚህ ፊደል ነው የሚጽፉት። ረሳሽው?»

«ፊደሉ ምንም አልደበቀብኝም ጋሼ። ፊደሉን እኔ ነኝ ከመስኮት የሰረቅኩት።»

የጋሼ እንግዳ ዓይን ከእሷ ወደ ሁዘይፋ፣ ከሁዘይፋ ወደ እጁ ሄደ። በእጁ የዳቦውን ጫፍ ይዟል። ያን ጫፍ እሳቸው ጠይቀው ተከልክለው ያውቃሉ። ያኔ ነገሩ ሁሉ ገባቸው።

«አንተ ነህ የጻፍከው?»

«አዎ ጋሼ።»

«እጅህ ጥሩ ነው ልጄ። አልዋሽህም። እንግዲህ በዚያው እጅህ አጥፋልኝ። ሊዙ በስሜ ነው፣ ልጅቷም ልጄ ናት።»

ፋና ሁዘይፋን አየችው። አላጠፋም እንዲል እየጠበቀች እንደሆነ እኔ ከበሬ ላይ ይታየኛል። ሁዘይፋም ፋናን አያት። አይጠፋም እንድትል ይጠብቃል። ከኋላ ያለ መኪና ክላክስ ያስጮሃል። ጋሼ እንግዳ በመሀረብ ግንባራቸውን ይጠርጋሉ።

«እሺ ጋሼ» አለ ሁዘይፋ።

ፋና በጥፊ እንደመቷት ፊቷን አዞረችና ወደ ውስጥ ገባች።

በዚያው ቀን ከሥራው ቀርቶ መሰላሉን አመጣ። ወደ እኔ ገብቶ ውሃ ጠየቀኝ። ሊጠጣ መስሎኝ በብርጭቆ ሰጠሁት።

«በባልዲ ቢሆን እትዬ» አለኝ።

እጁን ሊታጠብ ይሆናል ብዬ ባልዲዬን ሰጠሁት። ከዚያ ሲወጣና ሲቀባ አየሁት፤ ረጋ ብሎ፣ ከቀኝ ወደ ግራ፣ ፊደሉን በጻፈበት አቅጣጫ። ነጩ ቀለም አረብኛውን ዋጠው። አማርኛው ብቻውን ቀረ፤ ጎኑ ባዶ ሆነ።

ሲጨርስ ፋና በሩ ላይ ወጣች። ዓይኗ አብጧል።

«ታፔላውን በእርጥብ ጨርቅ ጥረጊው» አላት። ከመሰላሉ አልወረደም ነበር። «በፈለግሽ ጊዜ።»

«ጨርሰህ አጥፍተኸው ምን የሚጠረግ ቀረ?»



«አስቢበት» አላት። ወርዶ መሰላሉን ተሸክሞ ሄደ።

እሷ ያሰበችው አንድ ነገር ብቻ ነው። «አንዴ እንኳ እንቢ ሳይል!» አለችኝ በዚያው ቀን፣ የቀሚሷን ዳር እየጨመደደች። «እትዬ፣ አንዴ እንኳ ‹ቆዩ ጋሼ› ቢል ምን ነበረበት? እሺ ጋሼ! ሒሳብ ክፈል እንደተባለ ሰው!»

«አንቺስ አልሽ?»

«እኔ ሴት ነኝ።»

«እሱ ደግሞ ባዕድ ነው» አልኳት፤ አልሰማችኝም።

ሁዘይፋ በየጠዋቱ መምጣቱን አላቆመም። ግን አይገባም። ባሱ ከሚቆምበት ማዶ ሆኖ ታፔላውን ቀና ብሎ ያያል። ነጩን ቦታ አይቶ አንገቱን ደፍቶ ይሄዳል። ፋና ከምድጃው ጀርባ ሆና ታየዋለች።

«ሥራውን ሊያደንቅ ነው የሚመጣው» ትላለች። «እንዴት አድርጌ አጠፋሁት ብሎ።»

አንድ ቀን ተሻግሬ ክንዱን ያዝኩት።

«ግባ እንጂ ልጄ። ዳቦውን ታስቀምጥልሃለች እኮ አሁንም።»

«ታፔላው አልታጠበም እትዬ» አለኝ።

«ታፔላና ዳቦ ምን አገናኛቸው?»

«ካልታጠበ አልገባም።»

ሰው በፍቅር ምክንያት ጽዳት ወዳድ ይሆናል ብዬ ተገረምኩና ለፋና ሄጄ ነገርኳት። ባልነገርኳት ይሻል ነበር። «ቆሻሻ ናት ሊለኝ ነው?» ብላ የያዘችውን ሊጥ ጠረጴዛው ላይ ወረወረችው። መሰላል ነበራት፣ ጨርቅ ነበራት። በግትርነት አንድ ጣት አላነሳችም። መስታወቱን በየቀኑ ትወለውላለች፤ ከመስታወቱ በላይ ግን ዓይኗን አታነሳም።

ሎስ አንጀለስ ደግሞ ከፋሲካ በኋላ ዝናብ የሚባል ነገር አታውቅም። ሰኔም ደረቅ፣ ሐምሌም ደረቅ፣ ነሐሴም ደረቅ። አቧራውን የሚያነሳ ነፋስ እንኳ ከስንት አንዴ ነው።

በነሐሴ ሁዘይፋ ሊሰናበት መጣ። ያን ቀን ገባ። ወንድሙ ሱፍያን ሲያትል የታፔላ ሥራ ከፍቶ ጠርቶታል። እናቱም ከጅዳ በየሳምንቱ እየደወሉ ሱዓድ የምትባል የዘመድ ልጅ ስም እያነሱበት ነው፤ ሲያትል የምትኖር፣ እንደሱ ጅዳ የተወለደች። ይህን ለእኔ ነው የነገረኝ፣ ፋና እየሰማች።

ፋና ሁለት ሳሙሊ በወረቀት ጠቀለለችለት። ስትሰጠው ጣቶቻቸው ወረቀቱ ላይ ትንሽ ቆዩ።

«ለመንገድ ነው» አለችው።

«አመሰግናለሁ።»

«ሲያትል ዝናብ ይበዛል ይላሉ።»

«እሱን ሰምቼ ነው የምሄደው» አለ ሁዘይፋ።

ፈገግ ሊል ሞክሮ አልሆነለትም። በሩ ላይ ዞሮ አየኝ፤ ከዚያ ቀና ብሎ ታፔላውን አየ። ወጣ። ፋና እስከ ማታ ድረስ አንድ ደንበኛ ያዘዘውን ለሌላው ስትሰጥ ዋለች። ማንም አልተቆጣትም።

የኒካሁ ወሬ በጥቅምት መጣ። ሱዓድን አገባ፤ ጥሩ ልጅ ናት አሉ። ለፋና ስነግራት ሚዛኑ ላይ ዱቄት እያደረገች ነበር። «ደግ አደረገ» ብላ መመዘኗን ቀጠለች። ግን ዱቄቱ ሞልቶ ከሚዛኑ እየፈሰሰ እሷ አሁንም ትጨምር ነበር።

ዝናቡ የጣለው በኅዳር ነው። ከሌሊት ጀምሮ ሰማዩ ከብዶ፣ ሱቆች በሚከፈቱበት ሰዓት ነፋስ ቀላቅሎ ወረደ። ፌርፋክስ ላይ ሰው እንደ ልጅ እየሮጠ በየበረንዳው ተጠለለ። እኔ ማሽኔ ላይ ነበርኩ። የፋናን ድምፅ ሰማሁ።

«እትዬ! ማነው ወተት የደፋብኝ?»

ወጣሁ። በመስታወቷ ላይ ነጭ ፈሳሽ መስመር መስመር ሠርቶ ይወርዳል። እውነትም ወተት ይመስላል። ሁለታችንም ቀና አልን።

ነፋሱ ዝናቡን ከቀኝ በኩል ነው የሚገርፈው። ነጩ ከቀኝ ጀምሮ እየተላጠ፣ የአረብኛው የመጀመሪያ ፊደል ብቅ አለ። ከዚያ ሁለተኛው። ቀለሙ አልደበዘዘም፣ አልተጫረም። እንደተጻፈ ዕለት ነው።

ፋና ዝናቡ ውስጥ ቆማ ቀረች። ጸጉሯ ግንባሯ ላይ ተለጠፈ። ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ አያለሁ፣ ፊደሎቹን አንድ በአንድ ስታነብ። መጨረሻ ላይ ደርሳ ወደ እኔ ዞረች።

«የበለዲያ ቀለም ነው» አለችኝ።

ኖራ የበጠበጠበት ባልዲዬ ትዝ አለኝ። በብርጭቆ የሰጠሁት ውሃ፣ «በፈለግሽ ጊዜ» ያላት፣ በየጠዋቱ ከማዶ ሆኖ ቀና የሚልበት፣ «ካልታጠበ አልገባም» ያለኝ፣ ሁሉም በአንድ ጊዜ መጣብኝ። ጋሼ ፊት አልጣላም ብሎ እሺ አለ፤ ቀሪውን ለእሷ እጅ ተወው። የኛ ሥራ መጻፍ ነው፣ ማቆየት የባለቤቱ ነው።

«እኔ ነኝ ስሙን ያወጣሁለት» አለች ፋና። «እኔው ራሴ!»

መሰላሏን አወጣች። እየዘነበ ወጣችና በእርጥብ ጨርቅ ቀሪውን ጠረገችው። አንዴ ነው ጠረግ ያደረገችው፤ እሱ እንዳለው ቁጭ ብሎ ተገኘ። ከዚያ በኋላ ግን የጠራውንም መጥረጓን አላቆመችም። ውረጂ አልኳት፤ አልወረደችም።

ጋሼ እንግዳ ዣንጥላ ይዘው ደረሱ። ሊቆጡ ነው ብዬ ተጠጋሁ። ቀና ብለው ጽሑፉን አዩ፤ እሷን አዩ። ዣንጥላቸውን አጠፉና መሰላሉን በሁለት እጃቸው ያዙላት።

«ፋና» አሉ ዝናቡ በአንገታቸው እየገባ። «ለመሆኑ ምንድነው የሚለው?»

«ዳቦ ቤት።»

«ሌላስ?»

«ሌላ የለውም ጋሼ። ፋና ዳቦ ቤት ነው የሚለው።»

ጋሼ እንግዳ መሰላሉን እስክትወርድ አለቀቁም። ስትወርድ ኮታቸውን አውልቀው ትከሻዋ ላይ ጣሉላት። «ዝናብ ካመጣው፣ ይቆይ» ብለው መኪናቸው ውስጥ ገቡ። ያን ቃል በፋሲካ ሰሞን ቢያወጡት ኖሮ ብዬ ከኋላቸው አየሁ።

ፋናን ወደ ስፌት ቤቴ አስገብቼ ፎጣ ሰጠኋት። እጇ እስከ ክርኗ ነጭ ነው። ስልኳን መያዝ ስላልቻለች ልብስ መቁረጫ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጥኩላት፤ በትንሽ ጣቷ የሁዘይፋን ስም ነካች። ተይ ልላት ነበር። አልቻልኩም። ድምፁ ወደ ውጭ ነበር የሚወጣው፣ ሁለታችንም እንሰማለን።

«ሄሎ?»

«ፋና ነኝ።»

ከጀርባው ሳህን ሲቀመጥ ይሰማል። አንዲት ሴት በአረብኛ ለስለስ አድርጋ አንድ ነገር ጠየቀችው፤ ምን ብላ እንደሆነ ፋና አልተረጎመችልኝም። በር ተዘጋ።

«ደህና ነሽ?» አላት።

«ደህና ነኝ። አንተስ?»

«አልሐምዱሊላህ።»

ፋና ነጭ እጆቿን አየቻቸው። ከጣቷ ጫፍ የወረደ ጠብታ ጨርቄ ላይ ወደቀ።

«ሁዘይፋ፣ እዚህ ዘነበ» አለችው።

ማሽኔን አጠፋሁ። ከወዲያ በኩል መስኮት የሚመታ የዝናብ ድምፅ ይሰማል፤ ከእኛው ጋር አንድ ነው የሚመስለው።

«እዚህማ» አላት በመጨረሻ፣ «በየቀኑ ነው የሚዘንበው።»